የሸራ ሰፈር ሊቀመንበር

ከመካነ ሰላም ገበያ ወረድ ብሎ ያለውን ሜዳ ሰው ሁሉ ሸራ ሰፈር ይለዋል። ድርቁ ልጅ ከብታቸውን የፈጀባቸው፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እርዳታ ሰጪዎች በተከሉላቸው ድንኳኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይኖሩበታል። አብዮቱ እንደፈነዳ ከከተማ የመጡ ወጣቶች “ከእንግዲህ ራሳችሁን በራሳችሁ አስተዳድሩ” ብለው ኮሚቴ አስመረጡ። ሊቀመንበርነቱ ለአራጌ ወጣ። አራጌ በደጉ ዘመን ጭቃ ሹም ነበር። ሰው እጁን ያወጣለት ወዶት አይደለም፤ ለእሱ እጅ መንሳት ስለለመደ ነው።

አራጌ ሥልጣኑን እንደያዘ ሕግ ማውጣት ጀመረ። ድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ሆነ፤ ሸራ ይቃጠላልና ይህንን ማንም አልጠላውም። ቀጥሎ ዶሮ ማርባት ተከለከለ። ከዚያ እንግዳ ማሳደር። በመጨረሻም ከቅዳሜ ስብሰባ የቀረ ሰው የሳምንቱን ስንዴ እንዳያገኝ ተወሰነ።

አሮጊቷ ሀጀራ አንድ ቅዳሜ የቀረችው ታማ ነው። ትኩሳቱ ከመደቧ አላስነሳ ብሏት ነበር። ከእሷ ጋር በአንድ ድንኳን የምትኖረው በለጥሻቸው ስብሰባው እንዳለቀ አራጌ ፊት ቆመች።

“አቶ አራጌ፣ እባክዎ፣ ሀጀራ እኮ ታማ ነው። ጥጋብ አይደለም ያስቀራት።”

“የታመመ ምስክር ያቀርባል።”

“እኔ አለሁ ምስክር።”

“የድንኳን ጓደኛ ምስክር አይሆንም። ሕግ ሕግ ነው፣ በለጥሻቸው።”

በለጥሻቸው ወደ ድንኳኗ ተመለሰች። እሷን ራሷን ወደዚህ ሜዳ ተሸክመው ሲያመጧት የሞተች መስላ ነበር። ያኔ አፏን በጣቷ ከፍታ አጥሚት ያንጠባጠበችላት ሀጀራ ናት፤ ዘመድ አይደለች፣ የአገር ልጅ አይደለች፣ በሃይማኖት እንኳ አይገናኙ።

የራሷን ስንዴ ለሁለት አካፈለች። የጋራው ማድ ቤት ሩቅ ነው፤ አጥሚቱ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከድንኳኑ ራቅ አድርጋ፣ ውጭ፣ ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት አነደደች። አጥሚቱ መፍላት ሲጀምር አራጌ በትሩን ይዞ መጣ። አልጠየቀም፣ አልተቆጣም። ድስቱን በእግሩ ገፋው። አጥሚቱ አመዱ ላይ ተደፋና ጭስ ሆነ።

“ውጭም ቢሆን እሳት እሳት ነው። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ትጠየቂያለሽ። ከሰፈሩ ልትባረሪም ትችያለሽ” ብሏት ሄደ።

በለጥሻቸው ባዶውን ድስት ከአመዱ ላይ አነሳች። አላለቀሰችም። ልቧ እንደዚያ ቀን ጠቁሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶቿን አበዛሽንና ወርቄን ጠርታ ወደ ድንኳኑ ገባች።

“ሀጀራ፣ ተነሽ። ስብሰባ እንሄዳለን።”

“ኧረ በአላህ፣ በለጡ! መቆም እንኳ መች ቻልኩ።”

“መቆም ማን አለሽ? ተኝተሽ ትሰበሰቢያለሽ።”

ብርድ ልብሱን በጫፍ በጫፉ ይዘው አነሷት። እንደ ገለባ ቀልላ ነበር። ከበሽሎ ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊታቸውን እየገረፈው ሜዳውን አቋርጠው፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እያየ አራጌ ጠረጴዛ ፊት አጋደሟት።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ አራጌ።

“ስብሰባ የቀረ ስንዴ የለውም አላልክም? ይኸው፣ አልቀረችም።”

“አላልክም? እኔን ነው አንተ የምትዪኝ?”

“አንተን! ትናንት ጭቃ ሹም ሆነህ ጎተራችንን ጠረግህ። ዛሬ ሊቀመንበር ሆነህ ድስታችንን ደፋህ። መንግሥት ተለወጠ ሲሉን እልል ያልነው አንተኑ በሌላ ስም መልሰን ልናገኝ ነው? ረሃብ እኮ አንተንም በልቶሃል፣ አራጌ! አንተም ልጅ ቀብረሃል! እንዴት ይህን አታውቅም?”

አራጌ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

“ይህቺ ሴት ከሰፈሩ ትባረር የምትሉ እጅ አውጡ!” ብሎ የራሱን ቀድሞ አወጣ።

ማንም አላወጣም። ሽማግሌው መርጌታ ወልደሩፋኤል ሁለት እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና፣ “የእኔስ ለዚህ አይወጣም” አሉ። የሊቀመንበሩ እጅ ብቻውን አየር ላይ ቆመ፤ ማውረዱም ጨነቀው።

ስንዴው ተሰፍሮ መጣ። ሀጀራ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

“ስንዴውስ ይቆይ፤ ውሃ ስጡኝ” አለች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሞተች። በለጥሻቸው ያ ነፋስ ይሆን የጨረሳት ብላ አሰበች፤ አሳቡ እንደ እሾህ ወጋት፣ አራጌንም ይበልጥ ጠላችው።

የሰፈሩ ወንዶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቃሬዛውን ሊያነሱ ሲከቡ አራጌ ነጠላውን አጣፍቶ መጣና አንዱን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ አለ።

“እጅህን አንሳ” አለችው በለጥሻቸው።

ሶላት ያሰገዱት ሼህ አህመድ ጠጋ ብለው፣ “በለጡ፣ በጀናዛ ጊዜ አውፍ ይባላል፣ ይቅር ይባላል” አሏት።

“እሷ አውፍ ትበለው፤ ልቧ ሰፊ ነበር። የእኔ ልብ አይችልም፣ ሼህ። እጁን ያንሳ።”

አራጌ እጁን አነሳ። ቃሬዛው ካለፈ በኋላ ከሁሉም ኋላ፣ ከሰው ተለይቶ ተከተለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የስንዴው ሕግ ተሻረ። ራሱ አራጌ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ይቅር” ያለው። ሊቀመንበርነቱን ግን የሚቀበለው ሰው ስላልተገኘ በእሱ ላይ ቀረ፤ ሌላው ሕግም እንዳለ ቀጠለ።

ክረምት ሊገባ ሲል ከደጎሎ በኩል በጭነት መኪና የመጣች አንዲት አሮጊት ሰፈሩ መግቢያ ላይ ወረደች። እታገኘሁ እባላለሁ አለች፤ እግሯ አብጦ ነበር። አራጌ መንገዱ ላይ ቆሞ፣ “ኮሚቴው ሳይሰበሰብ አዲስ ሰው አይገባም” ሲላት በለጥሻቸው ደረሰች። የሴትዮዋን ክንድ ያዘችና በአጠገቡ አልፋ ወደ ድንኳኗ ወሰደቻት።

“በለጥሻቸው! ኮሚቴው አልተሰበሰበም እኮ!”

“ይሰበሰብ” አለችና የድንኳኑን በር ከኋላዋ ጣለችው።