የሌላ ሰው ሙሾ

እትዬ ይርገዱ ለቅሶ ቤት እንደገቡ ሙሾ የሚያወርዱ ሴት አይደሉም። መጀመሪያ ከሟች ቤተሰብ አንዱን ከሰው ነጠል አድርገው ይጠይቃሉ። ምን ይወድ ነበር? ምን ማለት ያዘወትር ነበር? ሲናደድስ? ያንን ይዘው ነው ድንኳን የሚገቡት። ሙያውን ያስተማራቸው የለም። ድሮ የራሳቸውን ልጅ የቀበሩ ዕለት አልቃሾቹ ስለ ጀግና፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ ጎራዴ ሲያወርዱ ዋሉ። የሞተችው ግን ገና ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ ፈረስ በሩቁ እንኳን ትፈራለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ይርገዱ ሳይጠይቁ አፋቸውን አይከፍቱም።

ይትባረክ በተቀበረ ዕለት፣ ከመቃብር መልስ፣ እህቱን ኑኃሚንን ከኩሽናው ጀርባ የውሃ በርሜሎቹ ጋ ወሰዷት። እሳቸው የሚኖሩት በሌላ የድሬ ሰፈር፣ ገንደ ቆሬ ስለሆነ ሟቹን በዓይን አያውቁትም።

«እስቲ ልጄ፣ ወንድምሽ ምን ይወድ ነበር?»

ኑኃሚን ቀና ስትል በድንኳኑ በኩል አማቷን አየች። ወይዘሮ ዘነበች በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ደርሰው፣ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን እየጠረጉ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«የመብራት ሠራተኛ ነበር» አለች ኑኃሚን። «ሙያውን ይወድ ነበር። ሰው ሲጠራው እምቢ አይልም።»

«ሌላስ?»

«በቃ፣ ይኼው ነው።»

እትዬ ይርገዱ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ሲያዩ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ድንኳኑ ሄዱ።

እውነቱን በሟቹ ሰፈር፣ በከዚራ፣ የማያውቅ የለም። ይትባረክ የሚወደው ቬንትሌተር ነበር። ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚዞረውን ቬንትሌተር። መድኃኒት ቤት ይግባ፣ ሻይ ቤት ይግባ፣ መጀመሪያ የሚያየው ሰውን ሳይሆን ጣሪያውን ነው። ሰላምታውም እንደ ሰው ሰላምታ አልነበረም። «ቤታችሁ ቬንትሌተር አለ? ይዞራል?» ይላል። መልስ የሰጠው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጁ ነው፤ ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኘውም ስለዚያው ቬንትሌተር ይጠይቀዋል። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ያየው ሐኪም «ኦቲዝም» ብሎ ነበር። እናታቸው ቃሉን ይዛ ተመለሰች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ግን «የልጄ ልብ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው» ትል ነበር።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ይትባረክ እዚያው በወላጆቹ ቤት ቀረ። ምግቡን ጎረቤታቸው ሸፊቃ ታበስልለታለች፣ ለአስቤዛው ኑኃሚን ትልካለች። ኑኃሚን ክፉ እህት አልነበረችም። ታፍር ነበር እንጂ። ኒቆዲሞስን ልታገባ ስትል አማቷ በስልክ «ወንድምሽ ምን ይሠራል?» ቢሏት «መብራት ላይ ነው» አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግማሹ እውነት መስሏት ነበር። ሠርጉ አዲስ አበባ ሲደገስ ይትባረክ «ለሥራ መስክ ወጥቷል» ተባለ። ባሏ ነገሩን ያውቃል። «ምን ቸገረሽ፣ ንገሪያቸው» ብሎ አንድ ሁለቴ አነሳና ተወው። አማቷ ድሬ ሲመጡም የሚያርፉት ሳቢያን፣ እነኑኃሚን ቤት ነው። ይትባረክ እሳቸው ባሉበት መጥቶ አያውቅም፤ እንዳይመጣ ይነገረዋልና። እንዲህ እንዲህ ሲባል አንድ ሳምንት ትኩሳት ያዘው፣ አልተነሳም።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ይርገዱ ቆሙ። ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ጀመሩ።

የመብራቱ ጌታ፣ የገመዱ አዋቂ፣
ጨለማን አባሮ ብርሃን አፍላቂ፤
ማን ይቀጥለዋል ገመዱ ቢበጠስ፣
ያ ባለሙያ ሰው አፈሩን ሲለብስ።

ሙሾ ሲይዝ ይታወቃል። አንዲት ሴት ከኋላ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ከዚያ ድንኳኑ በለቅሶ ይነሳል። አሁን ግን የተቀበለ የለም። የከዚራ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ዘነበች ብቻ «ወይ ልጄን፣ ወይ ባለሙያውን» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጨርቅ ነጋዴው አብዱላሂ ከወንዶቹ መሃል ወደ ጎኑ ሰው ጠጋ ብሎ ሲያንሾካሹክ ኑኃሚን ሰማችው።

«አቦ፣ ተሳስተን የሌላ ሰው ለቅሶ ገባን እንዴ?»

«ዝም በል አንተ።»

«ወላሂ ይትባረክ ማብሪያ ማጥፊያውን ለመንካት እንኳን እኔን ነበር የሚጠራው። ኮረንቲ እንዴት እንደሚፈራ!»

የኑኃሚን ጆሮ ጋለ። እትዬ ይርገዱም አንድ ሁለት ስንኝ ጨምረው፣ ነገሩ አልነሳ ሲላቸው ተቀመጡ።

ወዲያው ሸፊቃ በቁመቷ ልክ የሆነ ቬንትሌተር አቅፋ፣ ገመዱን በትከሻዋ ጠምጥማ በግቢው በር ገባች። ኑኃሚን ከተቀመጠችበት ተነሥታ ድንኳኑ ጋ ሳትደርስ አገኘቻት።

«የት ልታደርጊው ነው?»

«ሰው በሙቀት ሊያልቅ እኮ ነው። አማትሽን አላየሻቸውም፣ የመጡበት አገር ብርድ ነው።»

«መልሺው።»

«ለምን?»

«ለቅሶ ነው ሸፊቃ። ደስ አይልም።»

«የእነሉብና አባት ሲሞት ሦስት አቁመን አልነበር? ማን ምን አለ?»

«መልሺው አልኩሽ።»

ሸፊቃ ቬንትሌተሩን መሬት አስቀምጣ አየቻት። አየቻትና ገባት። «ሰው ነው የፈራሽው እህቴ» አለች ቀስ ብላ፤ አንሥታ ይዛው ተመለሰች። ከሰዓቱን ሙሉ ለቀስተኛው በካርቶን ቁራጭ ራሱን ሲያራግብ ዋለ። ኑኃሚን ካርቶኖቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እያየች ተቀመጠች።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ይርገዱ ተመልሰው መጡ። ድንኳን አልገቡም፤ ቀጥታ ኑኃሚን ያለችበት ክፍል ገብተው ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀመጡ።

«ትናንት ድንጋይ ላይ ውሃ ሳፈስ ዋልኩ» አሉ። «እኔ ሳወርድ ሰው መሬት መሬቱን ያያል። ምን በደልኩ ብዬ ወጥቼ ጠየቅሁ። ነገሩኝ።»

ኑኃሚን የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አማቴ ነበሩ... እሳቸው የሚያውቁት...»

«አማትሽን አይደለም የቀበርነው።»

«እሺ እትዬ። ነገ ሠልስቱ ላይ ያስተካክሉልኝ።»

«እኔ? እኔ ያልኩት አንቺ የሰጠሽኝን ነው። በሞተ ሰው ላይ የተባለን ነገር ባለቤቱ ካልመለሰው አይመለስም። አንቺ ቆመሽ ትመልሺዋለሽ፣ ሰው እየሰማ። ያኔ እኔ እቀበልሻለሁ። እስከዚያ አፌን አልከፍትም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ አሁን ቃሉን ስጪኝ። ስለዚህ ቬንትሌተር ምን ይል ነበር? ምኑን ነው እንዲያ የወደደው?»

ኑኃሚን ልትመልስ አፏን ከፈተች። ይትባረክ ስለ ቬንትሌተር ሳያወራ የዋለበትን ቀን አታስታውስም። በስልክ ያወራል፣ ምግብ ፊቱ ቀርቦ ያወራል፣ እናታቸው ታማ የተኛች ጊዜ አልጋዋ ጎን ቆሞ ያወራ ነበር። አሁን ግን በጆሮዋ የመጣላት የእሱ ድምፅ ሳይሆን የራሷ ነው። እሺ በቃ። እሺ ይትባረክ፣ ገባኝ። በኋላ ታወራኛለህ።

«አላውቅም» አለች።

እትዬ ይርገዱ ይቆጧታል ብላ ነበር። አልተቆጡም። ጉልበቷን መታ አድርገው ወጡ። ይኼ ነው የባሰባት።

ከሰዓት በኋላ አብዱላሂ የታሸገ ውሃ በባጃጅ አስጭኖ መጣ። አውርዶ ሲጨርስ ኑኃሚን እስከ በሩ ተከተለችው። ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም፤ ሰው ሁሉ እያያት እንደሆነ ታውቃለች።

«ጋሽ አብዱላሂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይትባረክ ሱቅህ ሲመጣ ስለ ቬንትሌተሩ ምን ይልህ ነበር?»

አብዱላሂ የምትቀልድበት መሰለው። ፊቷን ሲያይ ግን ባጃጁን በእጁ «ሂድ» ብሎ አሰናበተው።

«ሲመጣማ ምን ይላል፣ አብራልኝ ነዋ። ከጣቃዎቹ ላይ ይቀመጣል፣ ቀና ይላል፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን ጠየቅሁት። ይትባረኬ፣ ይኼ ነገር ምን ያደርግልሃል አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሲዞር ሰው ሲያወራ ይሰማኛል።›»

«ማለት?»

«እኔም ማለት አልኩት። ካልዞረ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ነው የሚመጣበት። ባጃጁ፣ ጥሩምባው፣ ሻጩ፣ ሙቀቱ፣ የኔ አፍ። ሲዞር ግን አንድ በአንድ ይሆንለታል። እውነቱን ነው፤ ከሥሩ ተቀምጦ ነው ስሜን እንኳን የሚጠራኝ። ውጭ ሲያገኘኝ ‹ባለሦስት ክንፉ› ነው የሚለኝ።» ሳቅ አለና ሳቁን ዋጠው። «ሰዉን ሁሉ ቤታችሁ አለ ወይ የሚለው እኮ፣ በእኛ ቋንቋ ደህና ናችሁ ወይ ማለቱ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።»

ኑኃሚን በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ያንቺስ ሳሎን ያለው ጠበቀ?» አላት።

«ምኑ?»

«ቬንትሌተሩ። ከጣሪያው የያዘው ብሎን ላልቷል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ኑኃሚን ደግሞ ከሥሩ ነው ቁርስ የምትበላው እያለ መድረሻ አሳጥቶኝ አልነበር? ደውልላት ይለኛል። ራስህ ደውል እለዋለሁ። ደውያለሁ፣ እሺ ትላለች ይለኛል።»

ደውሏል። በየሳምንቱ ይደውል ነበር። «ሳሎን ያለው ጠበቀ?» ይላል፣ ያለ ሰላምታ። እሷም የለመደችው ዘፈን ነውና «እሺ» ብላ ትዘጋለች። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት አብዱላሂ መልስ እየጠበቀ ፊት ለፊቷ መቆሙ ነው።

«አላስጠበቅሁትም» አለችው።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሰው በልቶ ጨርሷል። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ ገመድ እየፈቱ ሳለ ኑኃሚን ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ኒቆዲሞስ ምን ሆነሽ በሚል ዓይን አያት። እትዬ ይርገዱ ከጥግ ወንበራቸው አልተነቃነቁም።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «የቀብሩ ዕለት የተባለው ሙሾ የወንድሜ አይደለም። እኔ ነኝ እንዲያ በሉ ያልኳቸው። ይትባረክ የመብራት ሠራተኛ አልነበረም። ሥራም አልነበረውም።» የአማቷን ፊት ላለማየት የድንኳኑን ምሰሶ አየች። «ቬንትሌተር ነበር የሚወደው።»

ከኋላ የሆነች ሴት ሳቅ አመለጣት፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«እሰይ» አለ አብዱላሂ ለራሱ ያህል። «አሁን የራሳችን ለቅሶ ገባን።»

«ሲዞር ሰው ሲያወራ ይሰማው ነበር። የቀረውን እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ተቀመጠች። ብዙ ልትል አስባ ነበር፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም።

እትዬ ይርገዱ ያን ጊዜ ተነሡ። ደረታቸውን አልመቱም። ሰው እንደሚጠሩ ሆነው፣ በረጅሙ፣ ወደ በሩ እያዩ ጀመሩት።

ቤታችሁ አለ ወይ፣ ይዞራል ወይ ባይ፣
ሱቁ ተከፍቷል፣ አትመጣም ወይ?
ነፋስ ሲነፍስለት ሰው ይሰማው ነበር፣
ማን ያናግረዋል ከዚያ ከአፈር ሥር።

ሸፊቃ ናት የጀመረችው። እሷን የመድኃኒት ቤቷ ሴት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ማን ማን እንደሆነ አልታወቀም። ገመድ ይፈቱ የነበሩት የእድር ሰዎች እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። አብዱላሂ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። ኑኃሚን ሁሉም የሚያውቁትን ሰው ሲያለቅሱለት እያየች እንደ እንግዳ ተቀመጠች፤ ዕንባዋም እምቢ አላት።

ወይዘሮ ዘነበች ለቅሶው ትንሽ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳይነቀንቁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ሠርግሽ ላይ የት ነበር?»

«እዚሁ። ሸፊቃ ቤት።»

«መስክ ወጥቷል አላልሽንም?»

«ብዬ ነበር እማዬ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር? እንደምትዳሪ?»

ኑኃሚን መዋሸት ትችል ነበር። አማቷ የሚያጣሩበት መንገድ የላቸውም።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ኮት አሰፍቶ ነበር።»

ወይዘሮ ዘነበች ሌላ አልጠየቋትም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ከሴቶቹ ጋር ለማያውቁት ሰው ያለቅሱ ጀመር።