የዱሪ ተራ

ባርላ የባሏ የዱሪ መቃብር ሊነሳ መሆኑን ከሰማች ጀምሮ ለማንም ደህና ፊት አላሳየችም። ልማዱ ጠፍቷት አይደለም። መንደሯ ተራራ ላይ የተለጠፈች ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአንድ የድንች መደብ አይበልጥም። ስለዚህ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መቃብር ድንጋዩ ይነሳና ቦታው ለሚቀጥለው ሟች ይሰጣል። የማይነካው እዚያ የተቀበረው የታዋቂው ደራሲ መቃብር ብቻ ነው። እሱን ብለው የሚመጡ ሰዎች እሷ ቤት ተከራይተው ስለሚያድሩ፣ ባርላም እስከዛሬ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ያን ሰሞን አንዲት ወጣት አስተማሪ ከከተማ መጣች። ለደራሲው ያመጣችውን አበባ ታቅፋ ባርላን ተከትላ ወደ መቃብሩ ወጣች። መቃብር ቆፋሪው ሉሬኝ እዚያው አጥሩ ስር ሣር ያጭዳል።

"እማማ፣ ደራሲውን ወጣት ሳለ በበረዶ አዝሎ ያሻገረው ሰው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው፣ የዚህ መንደር ሰው ነው?"

"አዎ።"

"መቃብሩ የቱ ነው?"

የዱሪ ድንጋይ ባርላ ፊት ለፊት ነው። "ይኸው" ብትል ልጅቷ ታምናታለች፤ ወሬው መቃብር የሚያስነሳው የመንደሩ ምክር ቤት ይደርሳል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ እንግዳ የሚያመጣ መቃብር አይነካም። ሉሬኝ ማጨዱን አቁሞ ያያታል። ዱሪዬን አትንኩብኝ ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

"የዚህ የሉሬኝ አባት ነው፣ ፕላሲ" አለች በመጨረሻ። "ደራሲው አርጅቶ ተመልሶ እዚህ ሲሞት፣ የፕላሲ ተራ ደርሶ ነበር። ድንጋዩን አንስተን ደራሲውን ቀበርንበት።"

"እዚሁ?"

"እግርሽ ስር።"

አስተማሪዋ ወደኋላ ፈቀቅ አለች። አበባው የማን እንደሆነ ግራ ገብቷት ቆየች፤ በኋላ አስቀምጣው ወረደች።

"ዱሪ ነው ብትይ እኮ አፌን አልከፍትም ነበር" አላት ሉሬኝ።

"አውቃለሁ። አባትህን አንዴ አንስተነዋል፤ ሁለተኛ ላንሳው? ደግሞ ዱሪ የራሱን ኮት መያዝ የሚታክተው ሰው! ሰው አዘለ ብል ይስቅብኛል።" ዓይኗን በመሃረቧ ጠረገች። "በቃ ቆፍር። ቦታውን ግን ለኔ አቆይልኝ።"

"እሱ በኔ እጅ አይደለም፤ ቀድሞ ለሞተ ነው። የቲስታ ሳል ደግሞ አላማረኝም።"

ቲስታ ጎረቤቷ ነው፤ በውሃ ቦይ ተጣልተው ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ባርላ ቤቷ ገብታ የገብስ ሾርባ ጣደች። ሲበስልላት ድስቱን በፎጣ ይዛ በሩን አንኳኳች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አላት ቲስታ።

"እንድትድን" አለችው። "ብላ።"