አስር ሊትር

"ቁልፉን ክፈቺው፤ ሞተሩን ግን አታስነሺ" አላት፣ ጭንቅላቱን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ እንደቀበረ።

ጥቁር የለበሰችው ሴት ቁልፉን አዞረች። ኤሌክትሪሺያኑ ከነዳጅ ሰልባትዮው አናት ላይ የወጣውን ሽቦ ነቀለና ጫፉን ከመኪናዋ ብረት ጋር አነካካው።

"ቀስቷ የት ደረሰች?"

"ሙሉ ላይ።"

ሽቦውን ከብረቱ አላቀቀው። "አሁንስ?"

"ባዶ ላይ ወረደች።"

"እንግዲያው ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው" አለና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

ቶሎ ስለሚቃጠል ጎረቤት ጋራዦች "ፊውዝ" ይሉታል። ደንበኛ ሥራውን ሲጠራጠር ደሙ ይፈላል። ዛሬ ግን ታግሷል፤ አንድም የሴትየዋን ጥቁር ልብስ አይቶ፣ አንድም እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖችን ስለሚወድ። መኪናዋ ክብ መብራት ያላት፣ ከሴትየዋ በዕድሜ የምትበልጥ ናት። የዛሬዎቹ ኮምፒውተር ካልተጠየቀ ሕመማቸውን አይናገሩም፤ ለእነዚህ ግን አንድ ሽቦና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃቸዋል።

በሰልባትዮው የነበረውን ቤንዚን በላስቲክ ቱቦ ስቦ ጨረሰ። ከዚያ ሽቦውን መልሶ ከጀሪካን አስር ሊትር ለክቶ ጨመረ። ሄዶ ዳሽቦርዱን አየ። ቀስቷ ሩብ ላይ ቆማለች።

"ይኸው ልጄ። አርባ ሊትር ይይዛል፣ አስር ጨመርኩ፣ ሩብ አለ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? መለኪያሽ ምንም አልሆነም።"

"አይሆንም ጋሼ። በደንብ ይዩልኝ።"

"አየሁት እኮ!"

"እንግዲያው ውሸታሟ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

የፊውዝ ቁጣ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሴትየዋ አላለቀሰችም፤ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ከሥራዋ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ እንደመጣች ቀደም ብላ ነግራው ነበር። አሁን የቀረውን ነገረችው።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ እናቷን ትንፋሽ አጠራት። አባቷ ከኋላ ወንበር ሚስታቸውን አቅፈው ተቀመጡ፣ እሷ ወደ ሐኪም ቤት ነዳች። ቀስቷ ባዶ ላይ ነበረች። ማደያው ጋ ስትደርስ ልትታጠፍ ፍጥነት ቀነሰች።

"አባባ 'አትቁሚ፣ አስር ሊትር አላት' አሉኝ። እኔም አልቆምኩም። ዳገቱ ላይ መኪናዋ አንዴ ሳል ሳል ብላ ጠፋች። የሚወስደን ሌላ መኪና እስኪገኝ እናቴ አለቀች።"

ፊውዝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ነፍስ ይማር" አለ።

"ከቀብር መልስ አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። 'በዋዜማው መኪናዋን የት ወስደሻት ነበር?' አሉኝ። የትም አልወሰድኳትም። 'ታዲያ አስሩ ሊትር የት ገባ?' ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልሱም።"

"ቆይ እስቲ። አስር ሊትር፣ አስር ሊትር ትያለሽ። ባዶ ካለ ባዶ ነው። ከየት የመጣ አስር ነው?"

"የቤታችን ሕግ ነው። ልጆች ሆነን አንዴ ቤንዚን አልቆብን ፀሐይ ላይ ስናለቅስ ዋልን። በማግስቱ አባባ ሰልባትዮውን ከፍተው ውስጡ ያለች አንዲት ዘንግ በእጃቸው አጎበጡ። 'ከእንግዲህ ባዶ ብትል አትደንግጡ፣ አስር ሊትር ደብቄባታለሁ' አሉን። ሃያ ዓመት በዚህ ነው የነዳነው። አንድ ቀን ጎድሎብን አያውቅም።"

የፊውዝ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ።

ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደ። አምስቱን ብሎኖች ፈትቶ ቀስቷን የምታንቀሳቅሰውን ተንሳፋፊ ከነዘንጓ አወጣ። ክዳኑ ዙሪያ ቀይ ማጣበቂያ አለ፤ በዚህ ሰፈር ቀይ የሚጠቀም እሱ ብቻ ነው። ዘንጓ ቀጥ ብላለች። ወገቧ ላይ ግን የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ጥርስ የጎደለው። ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ገጠመው። ልክክ አለ።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ሽማግሌ በዚህችው መኪና ቤንዚን ይሸተኛል ብለው መጥተው ነበር፤ እንዲህ ያሉት ብዙ ስለሚመጡለት እስካሁን ልብ አላለም። የክዳኑን ጎማ ቀየረላቸው። ዘንጓን ጎብጣ ሲያያት "ይሄ ደግሞ የየትኛው ጠጋኝ ሥራ ነው?" ብሎ ለብቻው ሳቀና አቃናት። ዋጋ አልጨመረባቸውም። በጎ ሥራ አይለፈፍም ብሎም አልነገራቸውም።

"አገኙት?" አለች ሴትየዋ፣ ከኋላው መጥታ ቆማ። "ጋሼ፣ ተበላሽቷል ብለው በወረቀት ይጻፉልኝ። ማህተም ያለበት ይሁን። አባባ ማህተም ያምናሉ።"

ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ዘንጓን አጋደማትና ደረሰኙን ገለጠ። ቀኑን ጻፈ። "የነዳጅ መለኪያው" ብሎ ጻፈና ቆመ። አንድ ቃል ነው የቀረው። ተበላሽቷል ቢል ሴትየዋ ትነጻለች፣ ሽማግሌውም ልጃቸውን ያገኛሉ፣ እሱም ሱቁን ከፍቶ ይውላል። የሚጎዳ ሰው ፈልጎ አጣ። ፈርቷል፤ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ነገር ግን ያቺ ዘንግ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብላ ተጋድማለች፣ ሴትየዋም እያየቻት ነው።

"አልተበላሸም" አለ። "አባትሽ ያጎበጡትን ያቃናሁት እኔ ነኝ። የክዳኑን ጎማ ሊያስቀይሩ የመጡ ጊዜ። አልነገርኳቸውም።"

ሴትየዋ ዘንጓን አነሳች። ምልክቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"አንተ ነህ?" አለችው። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

"እኔ ነኝ።"

"ስንት አስከፈልካቸው?"

"ለእሱ ምንም። በነጻ ነው።"

"በነጻ" አለች። ሌላ ነገር ትለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው በወደደ ነበር። እሷ ግን ዘንጓን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችና "ግጠማት" አለችው።

ገጠማት። አንዱ ብሎን ሁለት ጊዜ ወደቀበት።

"አሁን ይህንኑ ጻፍልኝ።"

"ወረቀት አይበቃም። አባትሽ ቤት አሉ?"

"የት ይሄዳሉ?"

ቱታውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ገና ቀትር ሳይሆን የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ሳበ። ከሴትየዋ ጎን መቀመጥ ድፍረት መስሎት የኋላውን በር እጀታ ያዘ።

"እዚያ አይደለም" አለችው። "እዚያ እሷ ነበረች።"

እጁን አነሳና ዞሮ ከፊት ገባ። ሴትየዋ ቁልፉን ከፈተች። ቀስቷ ሩብ ላይ እስክትቆም ሁለቱም አይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

"ፒንሳውን ይዘኸዋል?"

ኪሱን ዳሰሰ። "ይዤዋለሁ።"

"አውጣና በእጅህ ያዘው፤ አባባ ይዩት" አለችና ሞተሩን አስነሳች።