የኑርዬ ትንፋሽና የተሻለች በርበሬ

ልጆቼ፣ ያኔ የሐይቅ ሰው መውሊድ ሲቃረብ የኑርዬን ድምፅ ይናፍቅ ነበር። ድቤው ተመትቶ እሱ መንዙማውን ሲያወርደው፣ እኛ ክርስቲያኖቹም አጥር ተደግፈን እንሰማለን። አንዷን ስንኝ እስከ ሐይቁ ማዶ ይስባታል!

እንጀራችን ግን ወፍጮ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሞተር ወፍጮ ላይ እሱ እህል ይጨምራል፤ እኔ ወልዴ ሞተሩን እጠብቃለሁ። ሰማንያ ዓመተ ምህረት ሲገባ ኑርዬን ሳል ያዘው። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ማስነጠሱ አያባራም። የዚያን ዓመት መውሊድ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ! ድቤ መቺው ብቻውን ቀረ።

«የከርሞም እንዲህ ከሆንኩ መንዙማውን ለሌላ ሰው እለቃለሁ» አላት ሚስቱን ፈዲላን። እሷም እንባዋ መጣ።

ረመዳን ሲገባ ግን ሳሉ ጥፍት አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጾሙ ነው ያሻረኝ!» አለን። «እንግዲህ ከዒድም በኋላ አልፈታም፤ እስከ መውሊድ እጾማለሁ።»

«እስከ መውሊድ ጾመህ፣ መንዙማውን አጥንትህ ሊያወርደው ነው?» አለች ፈዲላ።

እኛም ጾሙ እንዳሻረው አመንን። እስላሙ ሁሉ ከረመዳን በፊት በሻዕባን ወር፣ እኛም ከፋሲካ በፊት በርበሬያችንን አስፈጭተን ስለምንጨርስ፣ ያን ሰሞን ወደ ወፍጮው የሚመጣው ጤፍና ማሽላ ብቻ መሆኑን ማን ልብ ብሎት!

ረመዳኑ ሳይወጣ አንድ ቀን ጎረቤታችን ተሻለች በአህያ በርበሬ ጭና ከች አለች። ፋሲካ አልፎ የልጇን ሠርግ ልትደግስ ነው። ኑርዬ በርበሬውን ወፍጮው አፍ ላይ ገልበጥ ሲያደርገው ታፈነ። ግድግዳ ይዞ ወጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ሮጥኩ።

ተሻለች ወገቧን ይዛ ቆመች፦ «አያ ኑርዬ፣ ጾምህን በላህ እንዴ?»

«ወላሂ... ውኃም... አልቀመስኩ!»

«እንግዲያውስ ጾም አይደለም ያሻረህ። እኛ በርበሬ ይዘን ስላልመጣን ነው! ና ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ።»

«ጾመኛ ነኝ፣ መድኃኒት አልውጥም።»

«ማን ዋጥ አለህ? ደረትህን አሳይ!»

ጎትታ ወሰደችው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቱን አዳመጠና፣ «አስም ነው፤ የሚቀሰቅስብህ ብናኙ ነው። ከሁሉ በርበሬው ይብስብሃል፤ ዱቄቱም ቢሆን ውሎ አድሮ አይስማማህም» አለው። ከማፍጠሪያ በኋላ የሚወስደውን ኪኒን ሰጠው።

ኑርዬ ደነገጠ። ከወፍጮው ወዴት ይሂድ? ነገሩ እሑድ ለስብሰባ ቀረበ። ሊቀመንበራችን አሻግሬ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ፦

«ጓድ ኑርዬ፣ ጠላትህ ማን ነው?»

«በርበሬ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አሻግሬም ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ጓዶች፣ በርበሬ ይውደም እንዳንል ማታ ወጥ እንበላለን» አለ። «ስለዚህ ኑርዬ ወደ አሣ አጥማጆቹ ይዛወር፣ መረብ ይጠግን። በርበሬውም ከቤት ወጥቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ይፈጭ።»

«አሣ ይሸተኛል» ብሎ አጉረመረመ ኑርዬ።

«ይሽተትሃ! ከሸተተህማ አፍንጫህ ድኗል» አለችው ተሻለች።

እኔም አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ጠምጥሜ በርበሬ ልፈጭ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ሴቶቹ፣ «ሙሽሪት መጣች!» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ኑርዬም በዒድ ጾሙን እንደ ሰው ፈታ። መውሊድ ደረሰ። ድቤው ተመታ። አንደኛው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ፈዲላ ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔም አጥሩን ጨበጥኩ። አለፈ! ሦስተኛውን ሳበው፣ ሳበው... ልጆቼ፣ እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጠረኝ!

ተቀባዮቹ ሲቀበሉት ተሻለች ካጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አያ ኑርዬ፣ በርበሬዬን ላምጣው?» አለችው።

እሱም እየሳቀ፣ በእጁ ሂጂ ሂጂ ብሏት ቀጣዩን ስንኝ ጀመረ።