ባለቤት ያጣች ቁራሽ መሬት

በእኛ መንደር፣ ከማሳካ ከተማ ወዲህ፣ የመሬት ወሰን የሚለየው በድንጋይ ሳይሆን ሉዋኒ በሚባል ረጅም ቅጠላማ ተክል ነው። ሉዋኒ ሲቆርጡት የሚያቆጠቁጥ፣ ነቅለው ሌላ ቦታ ቢተክሉት ምንም እንዳልተፈጠረ የሚጸድቅ ጉደኛ ነው። ይህን ጠባዩን ከሳሎንጎ ማያንጃና ከጎረቤቱ ከጊንጎ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማያንጃን ሳሎንጎ የሚሉት የመንታ አባት ስለሆነ ነው። እሱ ግን ከመንታዎቹ ይልቅ በቡናው ይኮራል። ከማሳው ዳርቻ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ የሱንም የጊንጎንም ቡና የምታዋስን ዛፍ የሞላባት ቁራሽ መሬት ነበረች። ማያንጃ የአባቴ ናት ይላል፣ ጊንጎም የአባቴ ናት ይላል፤ ሁለቱም አባቶች ስለሞቱ የሚጠየቅ የለም። ሰው በተኛ ቁጥር የወሰኑ ሉዋኒ አንድ ሰሞን ወዲህ፣ አንድ ሰሞን ወዲያ ይሻገራል። ሲነጋ ሁለቱም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይገረማሉ። የመንደሩ ሊቀመንበር ሴምፓላ እነሱን ሲያስታርቅ ነው ጸጉሩ የሸበተው።

ኋላ ደግሞ አዲስ እብደት መጣባቸው። መሬቷ ለሌላው ብትፈረድ እንኳ ዛፏን አይበላትም ብለው መቁረጥ ጀመሩ። ማን እንደጀመረ ዛሬም አልታወቀም። ጊንጎ ለጡብ መተኮሻ እያለ ከወዲያ ይገዘግዛል፣ ማያንጃ ለከሰል እያለ ከወዲህ ይገዘግዛል። መሃል ላይ ሲገናኙ ከጉቶ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ተያይተው ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉና ወደየቤታቸው ሄዱ።

ይህ ሁሉ በሆነ በሦስተኛው ዓመት ግድም አንድ ወሬ መጣ። አውሮፓ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አልገዛም የሚል ሕግ አውጥቷል። የእኛም መንግሥት ገበያው እንዳያመልጠው የገበሬው ማሳ ሁሉ ይለካ፣ ይመዝገብ አለ። የቡና ማኅበራችን ናንቱሜ የምትባል ሠራተኛ ላከ። ባለቤቱ ከፊት ይመራል፣ እሷ ስልኳን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፣ ስልኩ የዞሩበትን ሁሉ ይስላል። ሥራው ይኸው ነው።

ናንቱሜ የመጣች ቀን ጊንጎ ሩቅ አገር ለቅሶ ሄዶ ነበር። ማያንጃ ይህን ሲያውቅ እግሩ መሬት አልነካም። ናንቱሜን በቡናው መሃል እየመራ ወደ ወንዙ ወሰዳት፣ ቁራሿንም ጉቶ በጉቶ አዞራት።

«ሴቦ፣ ወሰንዎ እዚህ ድረስ ነው?» አለችው በአክብሮት፤ ሴቦ በእኛ አገር ጌታዬ ማለት ነው።

«እዚህ ድረስ ነው፣ ልጄ። እንዲያውም ወንዙም የእኛ ነበር፤ ለመንግሥት ትተንለት ነው።»

ጊንጎ ከለቅሶ ሲመለስ ወሬውን መንገድ ላይ ሰማ። የአገራችን ወንዶች ለክብር የሚለብሱትን ረጅም ነጭ ቀሚሱን እንኳ ሳይቀይር ናንቱሜን ከጎረቤት መንደር በሞተር ብስክሌት አስመጣና እሱም በተራው ቁራሿን ዙሪያዋን አስለካ። በግራ እጁ ነጩን ቀሚስ ሰብስቦ ይዞ በጉቶው መሃል ሲዘል ያየው ሁሉ ሳቀ።

ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው የማያንጃ ታላቅ እህት ናሙዱ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የባሏ ወንድሞች አስወጥተዋት ወደ ወንድሟ ቤት የተመለሰች፣ ከማድ ቤቱ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል የምትኖር ሴት ናት። ለቦሎቄዋ የሚሆን ቦታ ከዚህም ከዚያም የሰው ማሳ ጥግ እየለመነች ትዘራለች። አንደበቷን ግን ከማንም አልተበደረችም።

«ማያንጃ፣ ያቺ መሬት እኮ በአንድ ሳምንት ሁለት ባል አገባች» አለችው ማታ የተቀቀለውን ሙዝ፣ ማቶኬውን፣ እያቀረበች።

«እትዬ፣ አንቺ ምግብሽን አብስዪ» አለ ማያንጃ። ልቡ ግን ሞቆ ነበር። አሁን መሬቷ ስልክ ውስጥ ገብታለታለች፤ ስልክ ውስጥ የገባን ነገር ጊንጎ ነቅሎ አይተክለውም።

የቡና መልቀሚያው አልቆ ጆንያው ሁሉ ከተሰፋ በኋላ ማኅበሩ አባላቱን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሰበሰበ፤ የቀረውም መንደር ለማየት መጣ። ናንቱሜ የእያንዳንዱን ማሳ ስም እየጠራች ተቀባይነት ማግኘቱን ስትናገር ሰው እልል ይል ነበር። ማያንጃ ሲጠራ ግን ድምጿ ዝቅ አለ።

«ሴቦ፣ የእርስዎ ቀይ ወጥቷል። ማሳዎ ላይ ደን ተቆርጧል። የጊንጎም እንደዚያው ነው። የሁለታችሁም ቡና አይረከብም።»

«የት አየሽው?» አለ ማያንጃ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

«እኔ አላየሁም። ከሰማይ ሳተላይት አንስቶታል።»

«ሰማይ ላይ ሆኖ የእኔን ጉቶ ነው የሚያየው? ሌላ ሥራ የለውም?»

ሰው አውካካ። ማያንጃ ግን ዞሮ የተሰፉትን ጆንያዎቹን አየ። ቡናውን በየመንገዱ ለሚዞር ነጋዴ ከመስጠት ሌላ ምርጫ ሊያጣ ነው። ነጋዴው ደግሞ ከውዳቂ ጋር ቀላቅሎ የትም ይበትነዋል። አባቱ የተከለው ቡና ነው። በሠርግ በለቅሶው «የእኔ ቡና ባሕር ተሻግሮ ነው የሚጠጣው» ሲል ኖሯል። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ሊዋረድ ነው፤ እውነት ለመናገር እንባው መጥቶ ነበር።

ናንቱሜ መውጫውን ነገረቻቸው። የማኅበሩ ደንብ የአባሉን መሬት ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥራል፣ ከተመነጠረው ላይ የተለቀመ ከንጹሑ ጋር እንዳይቀላቀል። ቀይ የወጣችው ግን ያቺ ቁራሽ ብቻ ናት። መሬቷ የእኔ አይደለችም የሚል በምስክር ፊት ይካዳትና ካርታው ይታረምለታል።

ከዚያ ማያንጃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎበዝ፣ እኔ እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ፣ ሐሰት አልናገርም። መሬቷ የወንድሜ የጊንጎ ናት።»

ጊንጎ እባብ እንደረገጠ ሰው ተስፈነጠረ። «የማን? የእኔ? ኧረ ሳሎንጎ፣ አባትህ በአጥንታቸው ያቀኗትን መሬት!»

«አባቴ ተሳስቶ ነበር።»

«አልተሳሳቱም! ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር!»

«ያንተ አባት ይበልጥ ጨዋ ነበር። ውሰዳት፣ ጊንጎ፣ መርቄልሃለሁ።»

«እኔ የሰው ሐቅ አልበላም!» ጊንጎ ደረቱን መታ። «ሉዋኒውን እኮ በገዛ እጄ ነው ወደ እናንተ በኩል ያሻገርኩት! ልማል?»

«እኔ ሁለት ጊዜ አሻግሬዋለሁ!»

ሊቀመንበር ሴምፓላ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እናንተ ሰዎች! ይህን ሁሉ ዘመን ስጠይቃችሁ የት ነበራችሁ?»

ሴቶቹ በሳቅ እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። አንዱ ሽማግሌ ሳል ይዞት ከሰው መሃል አወጡት። ሊቀመንበሩ እጁን አንስቶ ጸጥ አሰኘና፣ «እንግዲያስ ሁለታችሁም ከካዳችሁ ባለቤት የላትም ማለት ነው። የቡና ማኅበር አባል ያልሆነ፣ ለአውሮፓ ምንም የማይሸጥ፣ የሚፈልጋት ሰው አለ?» አለ።

ናሙዱ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደ ፊት መጣች፤ እንደ አገራችን ሴቶች ወግም በሊቀመንበሩ ፊት ተንበረከከች።

«እኔ አለሁ፣ ሴቦ። ቡና የለኝም። ቦሎቄዬን የምበላው እኔ ነኝ፤ አውሮፓ ቀምሶትም አያውቅ።»

ማያንጃ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። እግዜር ራሱ ነው ያመጣለት። እህቱ ያዘችው ማለት እሱ ያዘው ማለት አይደለም እንዴ? የምትኖረው በሱ ግቢ፣ የምትበላው ከሱ ጋር። «ይገባታል! ይገባታል!» እያለ ከማንም ቀድሞ አጨበጨበ።

ጊንጎ ነቃ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እህቱ እኮ ናት! ዞራ ዞራ እሱው ጓዳ ልትገባ ነው!»

«ልክ ነህ፣ ጊንጎ» አለች ናሙዱ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ። «ስለዚህ በስሜ ይጻፍልኝ፣ በእኔ ብቻ። ቤቴንም እዚያው እሠራለሁ። ሁለቱም መጥረቢያ ይዘው ድርሽ እንዳይሉ፣ የወሰኑንም ሉዋኒ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ፣ እነሱው ይትከሉልኝ። ማታ ማታ መትከሉን ለምደውታል፣ እጃቸው አይስትም።»

ጭብጨባው መጋዘኑን አናጋው። ማያንጃ ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ ጻፈ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ፈረሙ፣ ናንቱሜ ካርታውን አረመች፣ የሁለቱም ቡና ተመዝኖ ገባ። ማያንጃ ጆንያዎቹ ከሌላው ጆንያ ላይ ሲደረደሩ አየና ትንሽ ተነፈሰ።

በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ ሥራ እንደሌለው ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ናሙዱ ገመዱን ይዛ መስመሩን ታሳያለች፤ ጊንጎ በወዲያ በኩል፣ ማያንጃ በወዲህ በኩል እየቆፈሩ ይተክላሉ። በየጉቶው መሃል የጥላ ዛፍ ችግኝ ለመትከል ጉድጓድ አስቆፍራ ነበር። ላቡ በፊቱ እየወረደ ማያንጃ ወደ እህቱ ጠጋ አለ፤ ሰው እንዳይሰማው ድምጹን ዝቅ አድርጎ ተናገራት።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከምታደርጊ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር።»

ናሙዱ ገመዱን ለቀቅ አደረገችና አየችው። አልተቆጣችም።

«ጠይቄህ ነበር፣ ወንድሜ። ዛፎቹ ገና ቆመው ሳሉ። ከጥላው ሥር ትንሽ ጥግ ብቻ ስጠኝ አልኩህ።»

ማያንጃ አስታወሰ። ምን ብሎ እንደመለሰላትም አስታወሰ፤ ሐፍረቱ ከእግር ጥፍሩ እስከ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን ሉዋኒ ከገመዱ አልፎ ወደ ራሱ ማሳ አንድ እርምጃ ገባ አድርጎ ተከለው።

«መስመሩ ያ አይደለም» አለች ናሙዱ።

«ነው» አለ ማያንጃ፣ ቀና ሳይል አፈሩን በእጁ እየጠቀጠቀ።