ለሩታ የሚነግራት ሰው

«ማርታ ምን አለች?» አለች ሰብለ ወንጌል፣ ጋሼ ጴጥሮስ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ።

ጋሼ ጴጥሮስ በእጃቸው ዝም እንድትል ምልክት ሰጧት። ግንባራቸው አልቦታል። ወጣትነታቸውን በአንድ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፉ፣ ራጉኤል ጀርባ ባለው በዚህ ሰፈር ጣልያንኛ የሚችል ሰው ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ደንግጣለች። መቼ ነው የሞተው ትለኛለች።»

«ይንገሯታ!»

«ነገርኳት። ከፋሲካ ማግስት አልኳት። አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ከሩታ ለምን ደበቃችሁ እያለች ነው። የኔ ጣልያንኛ የጋራዥ ነው፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ነው የማውቀው። የሞተ ሞተር እንጂ የሞተ ሰው አውርቼበት አላውቅም። መርዶ ምን እንደሆነ በምን አፌ ላስረዳት?»

በለጥሻቸው መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ባሏ ይመር በርበሬ በረንዳ ካለው ሱቃቸው ጆንያ ሲያስወርድ ደረቱን ይዞ እንደተቀመጠ አልተነሳም። ቀብሩም ሰልስቱም አለፈ። ጣልያን አገር፣ ፓዶቫ የምትማረው አንዲት ልጃቸው ሩታ ግን አልሰማችም። መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ ተባለ። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ መርዶ የሚነግራት ሰው ጠፋ። በዚያ ከተማ የሚያውቁት አንድ ሐበሻ የለም። ያሉት በቤታቸው ተቀብለው የሚያኖሯት ባልና ሚስት፣ ጂኖና ማርታ ብቻ ናቸው።

ሩታ በየቀኑ ትደውላለች። በለጥሻቸው «የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል» ብላ ፕላስተር ለጥፋበታለች። እሷ ልጇን ታያለች፤ ልጇ አታያትም። ሩታ ስልኳን ይዛ ቤቱን ታዞራታለች። ማርታ አንሶላ መተኮሱ አልበቃ ብሏት የወጥ ቤት ጨርቅ ስትተኩስ ታሳያታለች። ሁሉም በየሳህኑ እንደሚበላ፣ ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ቆመው ጨልጠው ሳይነጋገሩ እንደሚበታተኑ ትነግራታለች። አንድ እሑድ ጂኖን ብታጎርሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ አሁን ግን እሑድ በመጣ ቁጥር አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። በለጥሻቸው ይህን የሰማች ቀን ስቃለች። ባሏን ቀብራ፣ ከዚሁ ፍራሽ ላይ ሆና ስቃለች። «አባዬስ?» ስትባል ደግሞ «ሀላባ ወርዷል፣ በርበሬ ሊያመጣ። ኔትወርክ አይሠራም» ትላለች።

«በሉ ስሙ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ። «ዛሬውኑ ከምሳ በኋላ እነግራታለሁ ነው የምትለው። እያወቅሁ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሌላ ቀን ልውል አልችልም ትላለች።»

«በቀትር መርዶ?» የይመር እህት ሰብለ ወንጌል ብድግ አለች። «ጋሼ ጴጥሮስ፣ ያስረዷት እንጂ! መርዶ በንጋት ነው። ሰው ሳይበተን ተነግሯት፣ አልቅሳ አልቅሳ ሲመሽ እንዲወጣላት ነው። ነገ ጎሕ ሲቀድ ትንገራት።»

«ነገ ሰኞ ነው ሰብለ። ጎሕ ሲቀድ እሷም ባሏም ሥራ ይሮጣሉ። እዚያ ቤት ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጠው ለእሑድ ምሳ ብቻ ነው አለች። እኔ ምን ልበላት?»

«የማያውቁ ሰዎች!»

«እኛስ የእነሱን መች እናውቃለን?»

በለጥሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። ከነገረቻት በኋላ ማነው አብሯት የሚሆነው? ሌሊትስ ማን አብሯት ያድራል?»

ጋሼ ጴጥሮስ ጠየቁ። መልሱ ረጅም ነበር። እያዳመጡ ትከሻቸው ወረደ።

«የራሷ ክፍል አላት ትላለች። ብቻዬን ልሁን ካለች ማንም በሯን አያንኳኳም፣ ሐዘኗን እናከብርላታለን አለች።» ወደ በለጥሻቸው ዞሩ። «በክፋት አይደለም፣ በለጥሽ። እያለቀሰች ነው የምታወራኝ።»

«በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ታውቃለች። በታኅሣሥ ሩታ ትኩሳት ጥሏት በሰነበተች ጊዜ፣ ማርታ ሾርባ ከበሩ ሥር አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሄድ ነበር። «እንዴት ያሉ ጨዋዎች መሰሉሽ፣ እማ! ሳልፈቅድ አይገቡም» ብላ ነበር ልጅቷ። አሁን ያ በር በለጥሻቸው ፊት ተዘግቶ ቆመ። ከውስጥ ልጇ መሬት ላይ ወድቃለች፤ ከውጭ ሾርባው ይቀዘቅዛል። እሷ ራሷ ይመር የሞተ ቀን ለአፍታ እንኳ ብቻዋን አልተተወችም። ስማቸውን የማታውቃቸው ሴቶች ብብቷን ይዘው አቁመዋታል፤ ሰብለ ወንጌል እግሯ ሥር አድራለች። ያኔ ተዉኝ ብላ ጮኻባቸው ነበር፤ አልተዋትም። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ለልጇ የምትልከው የላትም።

ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ልደውልላት።»

«አብደሻል? እናት መርዶ ትናገራለች? ያውም በስልክ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እኮ ነው የሌላት፣ ሰብልዬ። ጋሼ፣ ይዝጉት።»

ጋሼ ጴጥሮስ ማርታን ይቅርታ ጠይቀው ዘጉ። በለጥሻቸው ደወለች። ወዲያው የልጇ ፊት ብቅ አለ፤ ጉንጯ ላይ ዱቄት ነክቷታል፤ ከኋላዋ ጂኖ ቆሞ ፎርማጆ ይፈቀፍቃል።

«እማ! ዛሬ ምነው ቀደምሽኝ? ላዛኛ እየሠራን ነው። ጂኖ ገና ምሳው ሳይቀርብ ጉርሻዬ የታለች ይለኛል! አባዬ ተመለሰ?»

ሀላባ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሰሞኑን ሳትጠራውም ይመጣል። ዋጠችው።

«ሩትዬ፣ ማርታ የት አለች?»

«በረንዳው ላይ ስልክ ስታወራ ነበር። ምነው?»

«ጥሪያት። ጂኖንም ወዲህ በይው። ከኋላሽ ይቁሙና ይያዙሽ።»

ፈገግታው ከሩታ ፊት ቶሎ አልወረደም። ቀስ እያለ ነው የጠፋው። መርካቶ ያደገች ልጅ ናት። በማለዳ ሰው ቤት ሲገባ፣ ሁለት ሴቶች ቀድመው ከአንዱ ጀርባ ሲቆሙ፣ ከዚያ ምን እንደሚከተል አይታለች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«እማ» አለች ብቻ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ።

ሰብለ ወንጌል አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አለሁ፣ ልጄ» አለች በለጥሻቸው። «ስልኩን አልዘጋውም። ሲመሽም፣ ሌሊቱንም አልዘጋውም፤ በርሽን ክፈቺና አብሬሽ ላድር። አሁን ማርታን ጥሪያት።»