ቀማሿና ባለ አንድ ማዞሪያው ሳጥን

ዙፋንን የሚያውቅ ሁሉ ይቺን ያውቃል፤ «ይቅርብሽ» ካሏት ነገሩ አበቃ፣ ታደርገዋለች። ዘንድሮ ደግሞ ስለ አንድ የጆሮ ዕቃ ቦንጋ ውስጥ ይቅርብሽ ያላላት ሰው ካለ፣ ወይ ከተማ አልነበረም ወይ ታሞ ተኝቷል።

ዙፋን አሥራ ሰባት ዓመት ቡና ቀማሽ ነበረች። ቀልድ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ስም ያልተጻፈባቸው ስኒዎች ይደረደራሉ፤ እሷ በማንኪያ ፉት ትልና መልሳ ትተፋለች፤ ከዚያ ይሄ የሺሺንዳ ነው፣ ይሄ ከቢታ ገነት የመጣ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ሲሰጣ ዝናብ አግኝቶታል ትላለች። ቃሏን የሚከራከር አልነበረም። የአንድ መኪና ሙሉ ቡና ዋጋ በእሷ ቃል ከፍም ዝቅም ይል ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ታመመች። ጉንፋን ነው ተብሎ ተናቀ፣ አሥር ቀን ጣላት፣ ስትነሳ ማሽተት የሚባል ነገር ጠፋ። ቡናውም ሳሙናውም አንድ ሆነባት። ማን ያውቅባት ነበር? የባልደረቦቿን ፊት እያየች «ደህና ነው» እያለች ጡረታዋ ድረስ መሄድ ትችል ነበር፤ እንደዚያ የሚያደርግ ሞልቷል። እሷ ግን ሥራ በገባች በሳምንቱ አለቃዋ ቢሮ ገብታ «አይሸተኝም፤ ከእንግዲህ እኔን አትጠይቁኝ» አለች። እነሱም እሺ ብለው ፋይል ክፍል መደቧት። ከዚያ ወዲህ ቃሏን የሚፈልግ ጠፋ። አለቃዋ፣ ጎረቤቷ፣ የገዛ ወንድሟ ሳይቀር ከንፈሩን መጥጦላት ያልፋል። «ምስኪን» ሲሏት ቆሽቷ ያርራል።

ጆሮዋን ያገኘችው እዚያው ፋይል ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የደካ አካባቢ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ክራር ሲጫወት የተቀዳ ድምፅ ስልኳ ላይ ነበራት። አንድ ቀን ሄድፎን አድርጋ ስትሰማው፣ ሰውየው ከመዝፈኑ በፊት አየር ሲስብ ሰማች። ደግማ ስትሰማ የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ ጀርባ ሌላም ነገር እንዳለ ጠረጠረች፤ ስልኩ ግን እየጋረደባት ነው። ዓመት ሙሉ አነበበች፣ ጠየቀች። ስልክ ውስጥ ያለ ዘፈን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ዕቃ ዳክ ይባላል፤ ድምፁን አጎልብቶ ሄድፎኑን የሚነዳው ደግሞ አምፕሊፋየር ነው። ስልክ ሁለቱንም ጥፍር በምታህል ቦታ አጨናንቆ ይዟቸዋል። ለብቻቸው የተሠሩት ይሻላሉ ተባለ። እሷም ከብዙ ማማረጥ በኋላ ሁለቱንም በውስጡ የያዘ አንድ ትንሽ ጥቁር ሳጥን መረጠች። መብራት የለው፣ ስክሪን የለው፣ አንድ የድምፅ ማዞሪያ ብቻ። ቀማሽ ፊት የሚቀርብ ስኒ ላይ ስኳር አይጨመርም፤ እሷም የፈለገችው ያልተጨመረበትን ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ነጂብ ደወለላት። ነጂብ ስልክና ስፒከር ይሸጣል፤ ያዘዘችውንም ከመርካቶ ያስመጣላት እሱ ነው። ስትደርስ ጥቁሩን ሳጥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ከጎኑ እጥፉን የሚያህል ሌላ ዕቃ አቁሟል። ሲሰካ ሰባት ዓይነት መብራት ይበራበታል፤ ሦስት ማዞሪያ አለው፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይዘላል።

«እትዬ ዙፋን፣ ይቺ የርስዎ ናት። ግን እስቲ ይዩአት፣ ምን አላት? ይሄኛው ዋጋው ያው ነው። ሰው ቤትዎ ሲመጣ አንድ ነገር ገዛች ይልዎታል።»

«ሰው ቤቴ ሲመጣ ሄድፎን አላጠልቅም» አለች።

ይሄኔ ታላቅ ወንድሟ ደጉ ገባ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ወሬው በማን በኩል እንደደረሰው እሱ ይወቀው።

«ጣሪያሽ እያፈሰሰ አንቺ የጆሮ ዕቃ ትገዣለሽ?»

«ጣሪያውም የኔ ነው ጋሼ፣ ጆሮውም የኔ ነው።»

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሱቁ ውስጥ ስፒከር የሚያዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። «የሆነው ሆኗል። ያጣሽውን በዚህ አትመልሺውም። ኢንተርኔት አሞኝቶሽ ነው እንጂ በእነዚህ ዕቃዎች መካከል ለሰው ጆሮ የሚሰማ ልዩነት የለም።»

ነጂብም ከሱ ጋር ወገነ። «እውነቱን ለመናገር ጋሽ ደጉ ልክ ናቸው። ስምንት ዓመት ሸጫለሁ፤ ሰው የሚሰማው በዓይኑ ነው።»

ዙፋን ደሟ ፈላ። የፈላው ደግሞ ስለ ሳጥኑ አይደለም። ሁለቱም በዚያ በለመደችው ድምፅ ነበር የሚያናግሯት፣ ለታመመ ሰው በሚወጣው።

«እንግዲያው ይሸፈን» አለች። «እኛ ቤት ቡና እንዴት እንደሚመረጥ ላሳያችሁ። ሁለቱ ዕቃ ጨርቅ ስር ይግባ። ሦስት ጊዜ ታሰሙኛላችሁ፤ ሁለቱ ከአንዱ ሳጥን፣ አንዱ ከሌላው። የተለየው የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። ከሳትኩ፣ ነጂብ፣ ዕቃውን መልሰው፤ ጋሼም ጣሪያዬን እንዳልከኝ አሠራለሁ፤ ዳክ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ካገኘሁት ግን ከዛሬ ጀምሮ ከንፈሩን የሚመጥልኝን ሰው አልምረውም።»

ለስኒ እኩል ግራም ቡና፣ እኩል ውሃ እንደሚደረግለት፣ ድምፁም እኩል ይሁን አለች፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ነጂብ ሄድፎኑን ስልክ ላይ ካለ የድምፅ መለኪያ ጋር እያስጠጋ ሁለቱን ሳጥኖች አስተካከለ። ከዚያ ጨርቅ ጣለባቸውና የስልኳንና የሄድፎኑን ገመድ ከስሩ ሰካ። ዙፋን ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሄድፎኑን አጠለቀች።

የደካው ሰው አየር ሳበ፣ ክራሩን መታ። አንድ ደቂቃ። ከጀርባዋ ገመድ ሲነቀልና ሲሰካ ሰማች። ሁለተኛው መጣ። ነቀለ፣ ሰካ። ሦስተኛው።

ምንም።

«ድገመው» አለች። ደገመው። ሁለተኛው ትንሽ የሞቀ መሰላት፤ ወዲያው ግን ራሷን ገሠጸች። መሰላት እንጂ አልሰማችም። ሰው ልዩነት ሲፈልግ ከሌለበትም ይፈጥራል፤ ይሄንን ስኒ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ታግላዋለች። «አንዴ ድገመው።» ሦስተኛው ዙርም ያው ሆነ። ከሦስት አንዱን ብትጠራ እኮ ሊሳካ ይችላል። ማን ያውቅባታል? ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባዋን እያየ ነው፤ ጆሮዋም እንደ አፍንጫዋ ጥሏት ሄዶ እንደሆነ አሰበች።

ሄድፎኑን አውልቃ ዞረች።

«ልዩነት አልሰማሁም» አለች። «ሦስቱም አንድ ነው የሆኑብኝ።»

ደጉ እፎይ አለ። ደስ ያለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለእሷ የሚበጃት መስሎት ነው። «እኔስ ምን አልኩሽ? በይ፣ ምንም አይደል፣ ተነሺ።»

«ሳትኩ በል፣ እሺ፣ ሳትኩ» አለች ሳትነሳ። «ጣሪያውንም አሠራለሁ። ግን ምስኪን እንዳትለኝ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ እዚህ አንዱን ጠርቼ ልወጣ እችል ነበር፤ አላደርገውም። ያኔም አላደረግኩትም፣ ዛሬም አላደርገውም፣ ዝንተ ዓለም ፋይል ክፍል ብቀመጥም አላደርገውም።»

ነጂብ ጨርቁን ያዘ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ጨርቁን ገፈፈው። ገመዱ ጥቁሩ ሳጥን ላይ ነው፤ ሌላኛው ድምፁ ከተለካ በኋላ ጠፍቶ ነው፤ መብራቱ እንኳ አይታይም።

«አልቀየርኩትም» አለ። «እየነቀልኩ መልሼ እዚያው ነበር የምሰካው። ስፒከር የሚገዙትን እንደዚህ እፈትናቸዋለሁ፤ ሁሉም አንዱን ይጠራል። አንድ ሰው እንኳ ሦስቱም አንድ ነው ብሎኝ አያውቅም። እርስዎም ይጠራሉ ብዬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስፒከር ሊገዙ የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ደጉ ባንኮኒውን፣ ገመዱን፣ ከዚያ እህቱን አየ።

«አውቀሽበት ነው?» አላት።

«አላወቅኩም። ልዩነት አልነበረም፣ አልሰማሁም፣ በቃ።» አሁን ተነሳች። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ይበርዳል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እሷ ባሰባት። «አሁን በትክክል ይደገማል። ነጂብ፣ አንተ ትልቁን አብራና በሩ ላይ ቁም። ጋሼ፣ አንተ ቀይር።»

«እኔ? እኔ ይሄን መች አውቃለሁ?»

«ገመድ መንቀልና መሰካት አምሳ ዓመት አስተምሮ ለኖረ ሰው አያቅተውም።» ያስተማረው ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው፤ ስትናደድ ትጨምራለች።

ደጉ ጨርቁ ስር እጁን ከቶ ተርመሰመሰ። አንዴ ገመዱ ወለል ላይ ወደቀበት። ዙፋን ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀች።

«ሁለተኛው» አለች በመጀመሪያው ዙር። በሁለተኛው «የመጀመሪያው» አለች። በሦስተኛው ዙር አንዴ አስደገመችው፣ ከዚያ «ሦስተኛው፤ አሁንም ትልቁ ሳጥን ነው» አለች። ደጉ ሦስቱንም ጊዜ ጨርቁን ገልጦ የሰካበትን ተራ አመሳከረ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበረች። ነጂብ በሩን ትቶ ቀስ በቀስ ባንኮኒው ጋ ደርሷል።

«በምን ለየሽው?» አለ ደጉ።

«ክራሩ በሚያርፍበት ቦታ። ትልቁ በዚያ መሃል ሽሽሽ ይላል፣ ሩቅ ቤት ውሃ እንደተጣደ። ጥቁሩ ሲያርፍ ያርፋል።»

ደጉ እንደ ተማሪ ቆሞ አሰበ። ከዚያ፣ ምን ያህል ነገር እንደጠየቃት ሳያውቀው፣ «እና ለኔ የቱ ይሻለኛል ትያለሽ?» አላት። «እኔም ማታ ማታ ራዲዮ በሄድፎን ነው የምሰማው።»

ስፒከር ከሚያዩት አንዱም ጠጋ አለ።  ሁሉም አፍ አፏን ያያል።

ዙፋን ሄድፎኑን መልሳ አጠለቀች፤ ጥቁሩ ሳጥን ላይ ያለችውን ማዞሪያ ትንሽ ከፍ አደረገች። የደካው ሰው ገና ሁለተኛውን ግጥም መጀመሩ ነበር።

«ሦስት ዓመት ምንም ሳትጠይቁኝ ኖራችኋል» አለች ዓይኗን ጨፍና፤ «ዘፈኑ እስኪያልቅ መቆየት አያቅታችሁም።»

ቆሙና ጠበቋት።